18 ሰከንድ፦ በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ለምን እናቋርጠዋለን?

የአዌቱ ማዶ ሐኪም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ተምሬ እዚሁ ዞን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ባለፈው ሳምንት የገጠመኝን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ሰውየው ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር የመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። ሌሊት ተነስተው፣ ካርድ ክፍል ተሰልፈው፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ምንዎን ያምዎታል፣ አባቴ?» አልኳቸው። «ጨጓራዬን ነው። ከቡና ለቀማው ወዲህ ደግሞ…» ብለው ሲጀምሩ ከአፋቸው ነጠቅኳቸው። ያቃጥልዎታል? ሲበሉ ይብሳል ወይስ ይሻላል? ያስመልስዎታል? አዎ፤ አይ፤ አዎ። መድኃኒት ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብለው፣ ጋቢያቸውን አደላድለው፣ በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ዘወር አሉና «ልጄ፣ ዓይነ ምድሬ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ እሱም ከዚሁ ይሆን?» አሉኝ።

ጥቁርና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት ደም እየፈሰሰ መሆኑን ሊያመለክት እንደሚችል የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። መልሼ አስቀመጥኳቸው። የታችኛውን የዓይናቸውን ሽፋን ዝቅ አድርጌ ሳየው ነጭ ነበር። ተኝተው ደም ተሰጣቸው፤ አሁን ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን «ከቡና ለቀማው ወዲህ ደግሞ…» ብለው ሊነግሩኝ የነበረው ይህንኑ ነበር። ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ዘወር ባይሉስ?

ተማሪ ሳለሁ ስሙን ሰምቼ ያለፍኩትን አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ፣ ሃዋርድ ቤክማንን፣ በዚህ ሰበብ ተመልሼ አነበብኩት። ቤክማንና ባልደረባው ሪቻርድ ፍራንክል በ1984 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ሐኪምና በሽተኛ ሲነጋገሩ 74 ጊዜ በድምፅ ቀርጸው አዳመጡ። በሽተኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እስኪጨርስ የተጠበቀው 17 ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ በአማካይ 18 ሰከንድ ላይ ይገባል። በሐኪሙ ጥያቄ ከተቋረጡት 51 ንግግሮች ውስጥ በሽተኛው የጀመረውን ለመጨረስ ዕድል ያገኘው በአንዱ ብቻ ነበር። በአንዱ! የቀሩት የጀመሩትን ዋጥ አድርገው ሄዱ። እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ነው። በ1984 ሐኪሞችን በሰከንድ የለካው ቤክማን፣ በ2009 ስለ ሐኪሞች መዛል በወጣ ጥናት ላይ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል። በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ 70 ሐኪሞች መጀመሪያ ለ8 ሳምንት በየሳምንቱ፣ ቀጥሎም ለ10 ወር በየወሩ እየተሰበሰቡ ልብን ሰብስቦ መገኘትን፣ በሥራ ላይ የገጠማቸውን መተረክን፣ ሳያቋርጡ መደማመጥን ተለማመዱ። መዛላቸው ቀነሰ፣ ለበሽተኛ የሚሰማቸው ርኅራኄም ጨመረ። በ2012 ቤክማንና ባልደረቦቹ ከተሳተፉት ሐኪሞች 20ዎቹን ጠይቀው ባወጡት ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሐኪሞቹ የገጠማቸውን ለሥራ ባልደረባ ማካፈላቸው ብቸኝነታቸውን እንዳቀለለላቸው፣ በሽተኛንም በጥልቀት ለማዳመጥ እንደረዳቸው ተናግረዋል።

ያን ቀን እኚያን አባት ያቋረጥኳቸው ስለማላውቅ አይደለም፤ ንቄአቸውም አይደለም። ሌሊቱን ተረኛ ሆኜ አድሬ ነበር። በሌሊቱ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮዬ ሞልቶ ነበር።

እናንተስ? ሐኪሞችም፣ ታካሚዎችም፣ አስታማሚዎችም ጻፉልኝ።

---

ሲስተር ከሊሙ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ዶክተር፣ ስለ ጻፉት ምስጋናዬ ከልብ ነው። መርፌ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በሽተኛ ለሐኪሙ ያልነገረውን እኔ ክንዱን እያሰርኩ ሳለሁ ይነግረኛል። «ለዶክተሩ ለምን አልነገሩትም?» ስላቸው «ደክሞት ነበር፣ አላስቸግረው ብዬ» ይሉኛል። ለእናንተ አዝነው ነው ዝም የሚሉት፤ ይህን እወቁልን።

ሌላው ደግሞ የአገሬው ወግ ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ገብቶ ጉዳዩን ገና ከደጃፍ የሚዘረግፍ ማን አለ? መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይወራል፤ ከዚያ ቀላሉ ሕመም ይነሳል፤ ከባዱ ወደ መጨረሻ ነው። እናቶች የማሕፀን ጉዳይ ሲሆን «ወገቤን ኩላሊት ያመኛል» ብለው ይጀምራሉ። ባል ወይም ወንድም ክፍሉ ውስጥ ካለ ደግሞ ከወገብ ወደ ታች አንድም ቃል አይወጣቸውም። እኔ አስታማሚውን «ይህን ወረቀት ማኅተም አስመትተህልኝ ና» ብዬ አስወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ነው ወሬው የሚመጣው።

---

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

እህቴ፣ ቅንነትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሸክሙን ያለ ቦታው ጭነሽዋል። ሬዚደንት ነኝ፤ እየሠራሁ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም። ጠዋት ኮሪደሩን ሞልቶ የሚጠብቀውን ሕዝብ አንቺም ታይዋለሽ፤ ከጅማ ዞን ብቻ ሳይሆን ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ አልፎም ከጋምቤላ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ከምሳ በፊት መታየት ካለበት የማዳመጥ ችሎታ ስለጎደለን አይደለም የምናቋርጠው።

ከላይ የተጠቀሰውን የ2009 ጥናት አውቀዋለሁ። የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ 70ዎቹም ወደውና ፈቅደው የገቡ ናቸው። ስለዚህ በልክ እንመነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ መዛልን ሲተረጉም በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። ምንጩ ሥራው ከሆነ መፍትሔውም ሥራው ላይ ነው፦ በቂ ሰው፣ እውነተኛ የዕረፍት ሰዓት፣ ቤተሰብ የሚያኖር ደመወዝ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ሐኪሙን «ተረጋጋ፣ በረጅሙ ተንፍስ» ማለት ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ለተኛ ሰው ብርድ ልብስ ማቀበል ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2012 በነበረው የአገራችን የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ለባለሙያው ለራሱስ ማን ሩኅሩኅ ይሁንለት? ይህ ነው የእኔ ጥያቄ።

---

የአዌቱ ማዶ ሐኪም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ሲስተር፣ ስለ ወጉ ያሉት ነገር ዓይኔን ገልጦታል። ቤክማንና ፍራንክልም በሽተኛ ጉዳዮቹን የሚያነሳበት ቅደም ተከተል ከሕመሙ ክብደት ጋር እንደማይገናኝ ጽፈዋል። መጀመሪያ የተነሳውን ይዘን መሮጣችን ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ማኅተም አስመትተህ ና የሚለውን ብልሃት ከዛሬ ጀምሮ እወስደዋለሁ።

ወንድሜ ሌሊት ተረኛ፣ ስለ ሰው ኃይሉና ስለ ደመወዙ ልከራከርህ አልችልም፤ ትክክል ነህ። ስለ ጥናቱም እንዲሁ። ጊዜ የለንም የሚለውን ግን እንዳለ አልቀበለውም። ቤክማን ያለበት ቡድን በ1999 የ29 ሐኪሞችን 264 ውይይቶች አዳምጦ ነበር። ያን ጊዜም የማቋረጫው አማካይ ሰዓት 23 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሳይቋረጡ የጨረሱት በሽተኞች ግን ከተቋረጡት የበለጠ የወሰዱት በአማካይ ስንት መሰለህ? 6 ሰከንድ። በስዊዘርላንድ ባዝል ደግሞ ሐኪሞች ዝም ብለው እንዲጠብቁ ተደርጎ 335 ሰዎች ተለክተው ነበር፤ በአማካይ የተናገሩት 92 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ ያለፉት 7 ሰዎች ብቻ ናቸው።

የእነርሱ አገር የእኛ አገር አይደለም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እኚያን አባት በማቋረጤ ያተረፍኩት ሰዓት የለም። መልሼ አስቀምጬ እንደገና ስጠይቃቸው እጥፍ ፈጀብኝ።

---

የአጋሮዋ ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

የሕክምና ሰው አይደለሁም። አባቴን ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ አሳክሜ ቀብሬአለሁ። ሕመሙ የማይድን እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ ሐኪሙንም በአባቴ ሞት አልከስሰውም።

የማልረሳው የተነገረኝን ሁኔታ ነው። ኮሪደር ላይ፣ ሌሎች አስታማሚዎች ፌስታላቸውን ይዘው በሚያልፉበት፣ ሐኪሙ ቆሞ፣ ዓይኑ ከወረቀቱ ሳይነሳ፣ «ተሰራጭቷል፣ ወደ ቤት ይዛችሁት ብትሄዱ ይሻላል» አለኝና ሄደ። ምኑ እንደተሰራጨ አልጠየቅኩም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ «ምን አለሽ?» ሲለኝ «ደህና ነህ አለኝ» አልኩት። ውሸቱን ብቻዬን ተሸክሜ ከአባቴ ጋር አጋሮ ድረስ በመኪና ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ኖረ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልጠይቀው የምፈልገው፣ እሱም ሊናዘዝልኝ የሚገባው ብዙ ነገር ነበር። ዋሽቼ ስለጀመርኩ አንዱንም አላነሳንም።

የሌሊት ተረኛውን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን ያ ሐኪም ያን ሌሊት ተኝቶ አድሮ ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

---

የአዌቱ ማዶ ሐኪም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማርልን። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቤክማን በ1994 ሌላ ጥናት ነበረው። ሐኪሞችን ከሰሱ የተባሉ ሰዎች የሰጡትን 45 የምስክርነት ቃል ሰብስቦ ሰዎቹን ወደ ፍርድ ቤት ያመራቸውን ፈለገ። ከመቶ 71 ያህሉ ውስጥ የግንኙነት መበላሸት ተገኘ፦ ትቶን ሄደ፣ ሐሳባችንን ናቀው፣ የነገረን አነጋገር ጎዳን፣ ከእኛ ወገን ሆኖ ነገሩን አላየውም። አንቺ የጻፍሽው አንድ አንቀጽ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉ፤ አንቺ ግን መክሰስ ቀርቶ እንቅልፉን አሰብሽለት።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ሰው ይሰበሰባል፣ ቅርብ ዘመድ ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይጠበቃል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ይደረጋል። ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ እያየን አድገን ነጭ ጋውን ስንለብስ የት እንደምንጥለው አይገባኝም። ቢያንስ ወንበርና የሚዘጋ በር አይጠፋም ነበር።

---

ካርድ ክፍል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ስለ ቋንቋው ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳው። ሐኪሙ አፋን ኦሮሞ ሳይችል ሲቀር የሚጠራው ማንን ነው? ዘበኛውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ወይም እኔን። ዳውርኛ ወይም ከፊኛ ሲሆን ደግሞ ከሰልፉ ውስጥ ሰው ይፈለጋል። ማስተርጎም ማንም አላስተማረኝም።

አንድ ቀን አንድ አባት በኦሮምኛ ሆዴ ተቃጠለ አሉ። እኔም «ሆዱን ያቃጥለዋል» ብዬ ተረጎምኩ፤ የጨጓራ መድኃኒት ተጻፈ። ሰውየው ልጃቸው በቅርቡ እንደሞተባቸው የሰማሁት ውጭ ከሄድን በኋላ ነው። አባባላቸው ኀዘን ነበር፤ በአማርኛም «ሆዴ ባሰ» ስንል አንጀታችንን አሞናል ማለታችን አይደለም። ቋንቋውን እያወቅኩ፣ አገሬ ሆኖ ሳለ፣ ስለቸኮልኩ ቃሉን ብቻ አቀበልኩት። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ያከመው የሰማውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስተረጉም ቃሉንም አባባሉንም እነግረዋለሁ፤ አንዳንዱ ሐኪም ይሰለቻል፣ ይሰልች።

---

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡05

ልጆቼ፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ የክትትል ቀጠሮ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ለታካሚዎች አንድ ነገር ልንገር። ከቤት ስወጣ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፌ እወጣለሁ፤ የሚያሳፍረኝን መጀመሪያ አደርገዋለሁ። ገና እንደተቀመጥኩ «ዶክተር፣ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ» እላለሁ። እስካሁን ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ያስወጣኝ ሐኪም አልገጠመኝም። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ይቁጠር።

---

ሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8፡35

አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ክፍሉ ለጊዜው ጸጥ ብሏል። ማክሰኞ የጻፍኩትን አልሰርዝም። ግን የአጋሮዋን ልጅ ጽሑፍ ካነበብኩ ጀምሮ ዕረፍት አጥቻለሁ፣ ምክንያቱም እኔም እንደዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ተናግሬ አውቃለሁ። ሰው የተለየ ነው፣ ነገሩ አንድ ነው።

በአንድ ሌሊት የአራት ዓመት ሕፃን እጄ ላይ ሞተብን። ደረቱን እየተጫንኩ ስንቆጥር፣ ስንቆጥር፣ አልተመለሰም። እናቱ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። እኔ እጄን ታጥቤ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ፤ ሌላ ሕፃን ይጠብቀኝ ነበርና። ጠዋት በክፍል ዙር ላይ አስተማሪያችን ስለ ሕፃኑ መድኃኒትና ሰዓት ጠየቀኝ፤ በትክክል መለስኩ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ማንም «አንተስ እንዴት ነህ?» አላለኝም፤ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በሽተኞችን በስማቸው መጥራት ተውኩ። «አልጋ 6»፣ «ጉበቱ»፣ «የትናንቱ» እላለሁ።

ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 ያወጡት 22 ጥያቄ ያለው የመዛል መለኪያ አለ። ሦስት ነገር ይለካል፦ የመንፈስ መሟጠጥን፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየትን፣ በሥራ ውጤት የሚሰማ እርካታ መቀነስን። ትናንት ማታ ለራሴ ሞላሁት። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ጣሪያው ይጠገን የሚለው አቋሜ እንዳለ ነው። እስኪጠገን ድረስ ግን ብርድ ልብሱንም አልገፋም።

---

ሲስተር ከሊሙ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ዶክተር፣ ወንድሜ፣ አንተስ እንዴት ነህ?

---

ሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሲስተር፣ አሁን ተራዬን አስረክቤ ወጣሁ። መልስዎን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ደህና አይደለሁም። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

---

የአዌቱ ማዶ ሐኪም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወንድሜ፣ እኔ የምለው አለኝ፤ እሺ ካልከኝ ደስ ይለኛል።

ከሁለት ሐኪሞችና ከአንዲት አዋላጅ ነርስ ጋር ሆነን ባለፈው ወር አንድ ነገር ጀምረናል። ማይክል ባሊንት የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስለ አንድ በሽተኛ እንዲያወሩ ያደርግ ነበር፤ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን በሽተኛው በሐኪሙ ላይ ስላሳደረው ስሜት። የእኛም ከዚያ የተቀዳ ነው፣ ጀበናው ግን የራሳችን። በሳምንት አንድ ምሽት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እኔ ቤት እንቀመጣለን። ቡና ይፈላል። በአቦሉ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም፣ ምክርም የለም። በቶናው ሌሎቻችን የሰማነውን እንናገራለን። በበረካው ዝም ብለን እንጠጣለን፤ ያለቀሰ ካለም ያለቅሳል። የበሽተኛ ስም አይነሳም፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል።

የሰው ኃይል አይጨምርልንም፣ ደመወዛችንንም አያሳድግም። እኔ ግን ስብሰባው በተደረገ ማግስት ጠዋት የመጀመሪያውን በሽተኛ «ሌላስ?» ብዬ ስጠይቅ ራሴን ሰምቼዋለሁ። እኚያ የሰቃው አባት የመጡት ያልተሰበሰብንበት ሳምንት ነበር።

ሲስተር፣ እርስዎም ጅማ ሲመጡ ቦታዎ አለ። የካርድ ክፍሉም ወንድማችን እንዲሁ። የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ነው።

---

ሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሐሙስ ሐሙስ ተረኛ ነኝ።

---

የአዌቱ ማዶ ሐኪም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡09

ወደ ቅዳሜ አዙረነዋል። ለሌሎቹ ደውዬ ነገርኳቸው። 11 ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ እጠብቅሃለሁ።